በቤተሰብ በጀት የመጀመሪያውን የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ስለመምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ ለመግዛት የሚነሣ ሰው ዓይኑን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ በጀልባው ዋጋ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ካያክ ብቻውን ውሃ ላይ አይወጣም። መቅዘፊያ፣ የነፍስ አድን ጃኬት፣ ማጓጓዣ፣ ፊሽካ፣ ውሃ የማያስገባ ከረጢትና የመሳሰለው ሁሉ አብሮት ይወጣል፤ ጀልባው ርካሽ ከሆነ የእነዚህ ድምር የዋጋውን እኩሌታ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከቤተሰብ ወጪ ቆጥቦ የሚገዛ ሰው ሊያሰላ የሚገባው፣ ጀልባው ከነሙሉ ዕቃው ውሃ ላይ እስኪወርድ ድረስ የሚጠይቀውን ጠቅላላ ወጪ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከያዙት ገንዘብ ላይ አስቀድመው የነፍስ አድን ጃኬቱንና የመቅዘፊያውን ዋጋ ነጥለው ያስቀምጡ፤ ቀጥሎ የማጓጓዣውን ይቀንሱ፤ የተረፈው ለካያኩ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ገንዘቡ በሙሉ ጀልባው ላይ ያልቃል፣ መቅዘፊያው ከተገኘው ሁሉ ርካሹ ይሆናል፣ ጃኬቱም «በሚቀጥለው ወር» ይባላል። ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ በሚጠየቅበት አካባቢ የፈቃዱ ክፍያ እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ወደፊት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ለመግጠም የሚያስብ ሰው ደግሞ፣ ሞተር የተገጠመለት ካያክ እንደ ሞተር ጀልባ እንዲመዘገብ የሚያስገድዱ ሕጎች በብዙ ቦታ ስላሉ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ምርጫው የሚጀምረው አዘውትረው ከሚሄዱበት ውሃ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚደረግ የባሕር ጉዞ ታስቦ የተገዛ ረጅም ጀልባ፣ ቀሪውን ጊዜ በትንሽ ሐይቅ ዳርቻ ለሚያሳልፍ ሰው ትርፉ ሸክም ነው። ሐይቁ ሰፊና ነፋስ የሚመታው ከሆነ፣ ወይም ማጥመጃው ቦታ ከመነሻው ዳር ሩቅ ከሆነ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ረዘም ያለ ጀልባ ያስፈልጋል፤ ኩሬና ዝግ ያለ ወንዝ ከሆነ ግን አጭሩ ይበቃል።

ዓይነቱና የተሠራበት ነገር

ካያኮች በአቀማመጥ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እግርና ወገብ ጀልባው ውስጥ የሚገባበት የጥንቱ ቅርጽ ሲሆን፣ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ የኢኑይት አዳኞች የእንስሳ ቆዳ እየለበጡ ይሠሩት የነበረው የዚህ ዓይነቱን ነው። ሁለተኛው ላዩ ድፍን ሆኖ ሰው ከላይ የሚቀመጥበት ነው። በድፍኑ አካል ውስጥ አየር ታሽጎ ይገኛል፤ መቀመጫው ላይ የተረጨ ውሃም ከላይ እስከ ታች በሚያልፉ ቀዳዳዎች ተመልሶ ይወርዳል።

ለጀማሪ አጥማጅ ብዙም ሳላመነታ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ውስጡ የሚገባበት ካያክ ቢገለበጥ በውሃ ይሞላል፤ ከዳር ርቆ ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ የሞላ ጀልባን ቀድቶ መልሶ ለመሳፈር ፓምፕም ሥልጠናም ያስፈልገዋል። ላዩ ድፍን የሆነው ግን ቢገለበጥ መልሶ አቃንቶ መውጣት ይቻላል። መንጠቆው ዓሣ ሲይዝ በወገብ ለመዞር፣ እግርን ወደ ውሃ ለቆ ለመቀመጥና ወደ ኋላ ተዘርግቶ ዕቃ ለማንሣትም የተመቸ ነው። ጉድለቱ ሰውን ማርጠቡ ነው፤ በቀዝቃዛ ወቅት የሚያጠምድ ሰው ለዚህ የሚሆን ልብስ መያዝ ይኖርበታል።

ርካሽ ካያኮች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚሠሩት ከፖሊኢቲሊን ነው። የፕላስቲኩ ዱቄት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ፣ ቅርጽ ማውጫው እየጋለና እየተሽከረከረ ዱቄቱ ግድግዳው ላይ ስለሚቀልጥ፣ ጀልባው መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። ይህ አሠራር ርካሽ ነው፤ ውጤቱም ድንጋይና ጠጠር የሚችል ጠንካራ አካል ነው። ድክመቱ ከባድ መሆኑ፣ በፀሐይ ብዛት መድረቁ፣ ሲሰነጠቅም ማጣበቂያ አልይዝ ማለቱ ነው፤ የተሰነጠቀ ፖሊኢቲሊን በሙቀት ተበይዶ ነው የሚጠገነው። ኤ.ቢ.ኤስ. ከሚባለው ፕላስቲክ የሚሠሩት ቀለል ያሉና የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ወጣ ያለ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጀልባ አያስፈልጉም።

በፎቅ ቤት የሚኖርና ጀልባ የሚያስቀምጥበት ቦታ የሌለው ቤተሰብ በአየር የሚነፋውን ዓይነት ቢመለከት አይፈረድበትም። ወለሉ በውስጥ ክሮች ተወጥሮ በከፍተኛ ግፊት የሚነፋው ዓይነት ከተገኘ ጠንከር ያለ ነው፤ ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠውን ስስ መጫወቻ ግን ማንም ሰው መንጠቆ ይዞ እንዳይሳፈርበት።

ርዝመት፣ ስፋትና የመሸከም አቅም

ለብዙ ሰው የሚስማማው ርዝመት ከ3 እስከ 3.7 ሜትር፣ ስፋቱም ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። አጭሩ በቀላሉ ይዞራል፤ ረጅሙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በአንድ ቀዘፋም ርቀት ይሸፍናል። ስፋት ሲጨምር ጀልባው ቁጭ ሲሉበት የማይነቃነቅ ይሆናል፤ በዚያው ልክ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሻጮች «ቆሞ ማጥመድ ይቻላል» የሚለውን ነገር በጣም ያወሩለታል። ሆኖም ቆሞ የሚያጠምድ ጀማሪ ጥቂት ነው፤ ለዚህ ሲባል የሚጨመረው ስፋትና ክብደትም በየጉዞው ይከፈልበታል። ረጋ ባለ ውሃ ላይ ተቀምጦ ለሚያጠምድ ሰው 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ በቂ ነው።

የመሸከም አቅምን በተመለከተ በአምራቹ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይገባም። ያ ቁጥር የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ወሰኑ ላይ የደረሰ ጀልባ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ይከብዳል፣ ውሃውም በማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ እየወጣ መቀመጫውን ያረጥባል። ከተጻፈው 70 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደ እውነተኛ አቅም መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው። ለምሳሌ የሰውየው ክብደት 75 ኪሎ፣ ልብሱና ጃኬቱ 5 ኪሎ፣ የማጥመጃ ዕቃው፣ ምሳውና የሚጠጣው ውሃ 15 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 95 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የሚፈለገው ጀልባ ቢያንስ 136 ኪሎ ያህል አቅም የተጻፈለት ይሆናል ማለት ነው። ትንሽ ልጅ አብሮ የሚሄድ ከሆነ የልጁም ክብደት ከመጀመሪያው ይደመር።

ስለ ልጅ ከተነሣ፣ ብዙ ቤተሰቦች የሚያነሡት ጥያቄ ባለ ሁለት መቀመጫ ይገዛ ወይስ ባለ አንድ የሚለው ነው። ባለ ሁለቱ ረጅምና ከባድ ስለሆነ ብቻውን ለሚወጣ ሰው አድካሚ ነው፤ በጠባብ ቦታ ሁለት ሰዎች መንጠቆ ሲወረውሩም ያሳስባል። ወላጅና ልጅ ሁልጊዜ አብረው የሚወጡ ከሆነ፣ መቀመጫው ተነቅሎ ወደ መሃል የሚዛወርለትን ዓይነት መፈለግ ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለው ጀልባ ልጁ ባልመጣበት ቀን ሚዛኑን ሳይስት በአንድ ሰው ይቀዘፋል። ልጁ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ባለ አንድ መቀመጫው ይመረጣል።

ክብደት

አንድ ነገር ብቻ አጥብቀህ ተናገር ብባል ክብደትን እመርጣለሁ። ውሃ ላይ 5 ኪሎ ልዩነት ብዙም አይታወቅም፤ ከቤት እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ ዳርቻ ባለው መንገድ ላይ ግን ሁሉን ነገር ይወስናል። ርካሽና አጭር የሆነ ላዩ ድፍን ካያክ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ረዘምና ሰፋ ያለው፣ ባለ ፍሬም ወንበሩ፣ ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ በእግር በሚረገጥ ፔዳል የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ40 ኪሎ ያልፋል። ከሥራ በኋላ ደክሞት የሚመጣ ሰው ጎረቤት ሳይጠራ ሊያነሣው የማይችለውን ጀልባ ከገዛ፣ ጀልባው ግድግዳ ተደግፎ ይከርማል።

ስለዚህ መሸጫው ቦታ ላይ ሳይከፍሉ ይሞክሩት። ወንበሩን ያውጡና ካያኩን በጎኑ ያቁሙ፤ የሚቀርብዎትን ጠርዝ ይያዙና ጀልባውን ወደ ጭንዎ ስበው፣ ከዚያም ወደ ትከሻዎ ያውጡት። ሁለት ሰው ከሆናችሁ በጫፎቹ ያሉትን መያዣዎች ይዛችሁ ሃምሳ እርምጃ ያህል ተራመዱ። መያዣው ጣት የሚቆርጥ ከሆነ ወይም ጀልባው ከጭን በላይ አልወጣ ካለ፣ መልሱ ተገኝቷል። መኪናው ጋ ደግሞ ከፍታውን ያስቡ፤ ከፍ ያለ መኪና ላይ ብቻውን የሚጭን ሰው አንዱን ጫፍ አስደግፎ ሌላውን እየገፋ ነው የሚያወጣው።

የመኪናው ጣሪያ የሚችለው ክብደት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ የፖርቶ መጋላው የራሱ ክብደትም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ካያኩን በሆዱ ሳይሆን አፉን ወደ ታች ደፍተው ወይም በጎኑ አድርገው ይጫኑት፤ ማሰሪያውን ከልክ በላይ አይወጥሩት፤ በፀሐይ የጋለ ፖሊኢቲሊን በቀበቶ ሲጠብቅ ይሰረጉዳል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው ያለው መንገድ ረጅም ከሆነ ባለ ሁለት ጎማ መጎተቻ መግዛት ያዋጣል፤ ጎማው ለአሸዋ ሰፊ፣ ለጠጠር መንገድ ጠንካራ ይሁን።

ከጀልባው ላይ ለሌሎች ነገሮች የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ብዙም ጥቅም የለውም፤ ከወንበሩ በስተቀር። በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ መቀመጫ ስስ ትራስ ተጨምሮበት ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ከዚያ በኋላ ወገብ መናገር ይጀምራል። በጨርቅ የተወጠረ ባለ ፍሬም ወንበር ሰውን ከውሃው ከፍ ያደርጋል፣ አየርም ያሳልፋል። ከፍ ያለ መቀመጫ ሚዛንን እንደሚቀንስ ግን አይርሱ፤ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ጀማሪው ዝቅተኛውን ይጠቀም።

የፔዳሉን ነገር በአጭሩ እናልፈዋለን። ሆቢ የተባለው አምራች በእግር የሚረገጡ ክንፎች ያሉትን ስልት በ1997 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ዓሣ አጥማጆች እጃቸው ነጻ ስለሚሆንላቸው ይወዱታል፤ ይገባዋልም። ዋጋው ግን በመቅዘፊያ ከሚሄደው በጣም ይበልጣል፤ ሣር በበዛበትና ጥልቀት በሌለው ውሃ ይያዛል፤ ጥገናም አለው። ለሁለተኛ ጀልባ ይቆይ።

ያገለገለ ካያክ ሲገዙ

በውስን ገንዘብ ደህና ጀልባ የሚገኘው ካገለገሉት መካከል ነው። ፖሊኢቲሊን በጥላ ሥር ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ገዝተው ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥተው የተዉት ሰዎችም ብዙ ናቸው። ካያክ የሚያከራዩ ድርጅቶች በወቅቱ መጨረሻ ላይ የሚሸጧቸው ጀልባዎች ቀለማቸው የደበዘዘና የተጫጫሩ ቢሆኑም፣ ለብዙ ሰው አገልግሎት እንዲችሉ ተብለው የተመረጡ ስለሆኑ በዓይን ሊናቁ አይገባም።

ምርመራው በቀን ብርሃን ይሁን። ካያኩን ደፍተው ከኋላ ጫፉ ይጀምሩ፤ ባለቤቱ በመሬት ላይ ሲጎትተው ከኖረ የሚበላው እዚያ ነው። በጣትዎ ሲጫኑት ስስ ሆኖ የሚገባ ከሆነ ወይም ቀዳዳ ከጀመረ ይተዉት። ቀጥሎ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ከወንበሩ ሥር ያሉት የሰውን ክብደት ስለሚሸከሙ፣ መጎተቻም ብዙ ጊዜ እዚያ ስለሚሰካባቸው፣ ስንጥቅ የሚጀምረው በነሱ ጠርዝ ላይ ነው። ጥርጣሬ ካለ በጀልባው ላይ ባለው የዕቃ ማስገቢያ ክዳን በኩል የበራ የእጅ ባትሪ ያስገቡና ከውጭ በጨለማ ቦታ ሆነው ይመልከቱ፤ ስንጥቁ እንደ ነጭ መስመር ያበራል። ከዚህም የተሻለው ጥቂት ባልዲ ውሃ ወደ ውስጥ ጨምሮ ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ በውጭ በኩል የሚወጣ ጠብታ መፈለግ ነው።

ሁሉም ጉዳት አንድ አይደለም። ጭረት ብዙ ቢሆንም ጥልቅ እስካልሆነ ድረስ የአገልግሎት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። በማሰሪያ ወይም በአቀማመጥ የተሰረጎደ ሆድ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ወይም ሙቅ ውሃ ሲፈስበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ውስጥ የገባ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ የጠፋ ውታፍ፣ የደረቀ የክዳን ጎማ፣ የተበጠሰ መያዣ በትንሽ ገንዘብ ይተካሉ፤ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ምክንያት ይሆናሉ። ቀለሙ ነጣ ብሎ ሲዳሰስ እንደ ጠመኔ እጅ ላይ የሚቀር ፕላስቲክ ግን በፀሐይ የደረቀ ነውና ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙት። የተበየደ ቦታ ካለም ማን እንደበየደውና ከዚያ ወዲህ ውሃ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

በብዙ አገሮች ጀልባዎች በኋላ ጫፋቸው በስተቀኝ በኩል የተቀረጸ መለያ ቁጥር አላቸው፤ በዘመናዊዎቹ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉን ዓመት ያመለክታሉ። ሻጩ «የሁለት ዓመት ዕቃ ነው» ሲል ቁጥሩን መመልከት አይከፋም። ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተፋቀ ከሆነ ጀልባው የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ድርድሩን እዚያው ያቁሙ።

መቅዘፊያ፣ ጃኬትና ሌላው ዕቃ

መቅዘፊያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሺህ ጊዜ በላይ የሚነሣ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ የጥቂት መቶ ግራም ልዩነት ማታ ትከሻ ላይ ይታወቃል። የአሉሚኒየም ዘንግ ያለው ርካሽ ነው፣ ይከብዳል፣ በብርድም እጅ ያቀዘቅዛል፤ ከአቅም ጋር ከተስማማ የፋይበር ግላስ ዘንግ ያለውን መግዛት ከማንኛውም የጀልባ ማሻሻያ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ለሰፊና ወንበሩ ከፍ ላለ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ርዝመቱ ከ240 እስከ 260 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አጭር መቅዘፊያ ጣትን ከጀልባው ጠርዝ ጋር ያጋጫል። በገመድ ከጀልባው ጋር ማሰርም አይዘንጋ።

የነፍስ አድን ጃኬት ያገለገለ አይገዛ፤ የውስጡ አረፋ ምን ያህል እንደተጨመቀ ከውጭ አይታወቅም። ለሚዋኝ ጎልማሳ፣ ዳር አካባቢና ዕርዳታ ቅርብ በሆነበት ቦታ፣ ባለ 50 ኒውተን ይበቃል (ኒውተን ጃኬቱ ሰውን ወደ ላይ የሚያነሣበት ኃይል መለኪያ ነው)፤ መዋኘት ለማይችልና ለሕፃናት ግን ጭንቅላትን ደግፎ ፊትን ወደ ላይ የሚያዞረው ባለ 100 ኒውተን ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ጀርባው ላይ ያለው አረፋ ከወንበሩ መደገፊያ በላይ የሚጀምረው ዓይነት ለካያክ ይመቻል። ልክነቱን ለማወቅ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ከቆለፉ በኋላ ሌላ ሰው በትከሻዎቹ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ አገጭን አልፎ ወደ ጆሮ ከወጣ ሰፊ ነው። ለልጅ የተገዛው በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል፤ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፊ ጃኬት አይገዛም።

ልብስ ከአየሩ ይልቅ ለውሃው ሙቀት ይታሰብ። ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች ከሆነ ድንገት የገባ ሰው ያለ ፈቃዱ አየር ይስባል፤ ትንፋሹን ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ ያህል፣ እጅና እግሩ ሳይከዱት ራሱን ለማዳን ደግሞ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ አለው።

የማጥመጃ ዘንግ መያዣ፣ የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ፣ የመብራትና የካሜራ መስቀያ በመጀመሪያው ዓመት አይገዙም። ከመቀመጫው ኋላ የሚቀመጥ የጠርሙስ ሣጥን፣ በጎኑ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ የተጣበቁ ሁለት ሦስት አጫጭር የውሃ ቧንቧ ቁራጮች ተደምረውበት፣ ዘንግም ዕቃም ይይዛል። ሣጥኑን በላስቲክ ገመድ ከጀልባው ጋር ማሰር ያሻል፤ ጀልባው ሲገለበጥ ሁሉም ነገር ወደ ታች ነው የሚሄደው። መልሕቅን በተመለከተ፣ በሚፈስ ወንዝ ላይ ጀማሪ አይጣል፤ በሐይቅም ቢሆን ገመዱ ከጫፎቹ በአንዱ እንጂ ከጎን አይታሰር፤ ከጎን የታሰረ ጀልባ ሞገድና ነፋስ በጎኑ ይገለብጡታል።

የመጀመሪያው ወጪ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው መውጫ ያለ መንጠቆ ይሁን። ሙቅ በሆነ ቀን፣ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ጃኬት ለብሰውና ሰው ዳር ላይ እየተመለከተዎት ካያኩን ሆን ብለው ይገልብጡ። ከማዶ ያለውን ጠርዝ በጀልባው ሆድ ላይ አሻግረው ይያዙና ወደ ራስዎ ስበው ያቃኑት፤ ከዚያም በሆድዎ ተኝተው እግርዎን እየመቱ ወደ ላይ ይሳቡ፣ ዞረው በመቀመጫዎ ይቀመጡ፣ በመጨረሻ እግርዎን ያስገቡ። ሳይደክሙ መድገም እስኪችሉ ድረስ ከዳር አይራቁ። ነፋሱ በሰዓት ከ19 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ በዚያ ቀን አይውጡ፤ ከዳር ወደ ውስጥ የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ ያነሰም ቢሆን ይፈራ፤ ዳሩ ላይ ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል፣ መመለሱ ላይ ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥማል።

ሲመለሱ ውታፉን ነቅለው ጀልባውን ያዘንብሉና የሚወጣውን ውሃ ይመልከቱ። አንድ ሁለት ብርጭቆ ከክዳኖቹ ሥር የሰረገ ሊሆን ይችላል። ሊትሮች ከወጡ ጀልባው አንድ ቦታ ያፈሳል፤ በውስጡ የገባ ውሃ ወዳዘነበለበት ጎን እየሮጠ ሚዛኑን ስለሚያስት ቀዳዳው ሳይገኝ ዳግመኛ አይወጣበትም። ጀልባው አዲስ ከሆነ የዋስትና ወረቀቱን ይዘው ወደ ሻጩ የሚመለሱት ያኔውኑ ነው።